ወፍ የለም

ጡረታ ስወጣ፣ ከግምጃ ቤት ጓዳ
ሦስት ስባሪ ዴስክ ሰጡኝ፣ እንደ ዕዳ።
ሠላሳ አንድ ዓመት እንጨት ሥራ ሳስተምር
አንድም ጣት አልጠፋም፤ ይሄ ነው የኔ ክብር።

ጣውላውን ፈትቼ፣ ምስማሩን አቅንቼ፣
ከኮኩ ዛፍ በታች ቀኑን ተጎልቼ
ሦስት ቤት ሠራሁ፤ በር የላቸው፣ መስኮት፣
አንድ ክብ ቀዳዳ፣ በሁለት ጣት ስፋት።

አትጠገብ ከደጃፍ ቆማ ታየኛለች፦
«ወፍ ቤት አጣሁ ብላ መቼ አመለከተች?
ሰው ነው እንጂ እዚህ ጎንደር በኪራይ የሚባዝን፣
እሷ እንደሁ ዛፍ አላት፤ ዛፉም ቢቆረጥ ክዳን።»

ሰቀልኩ።
አንዱን ከኮኩ ላይ፣ አንዱን ከወይራው፤
ሦስተኛው ቦታ ቢያጣ
ከሽንት ቤቱ ግድግዳ፣ ከታንከሩ በላይ
(ሳምንት ሙሉ ውኃ ካልጎበኘው ታንከር)
እንዲያው ለይስሙላ ቸነከርኩት።

ሚያዝያ አለፈ። ግንቦት።
በየማለዳው ጋቢዬን ደርቤ፣
በርጩማዬን ስቤ፣
አያለሁ።
ከጓዳ ትጠይቀኛለች፦ «እህ?»
«ወፍ የለም።»

ወፍማ ሞልቷል፤ ከሽቦው፣ ከጣራው፣ ከቀሐ ማዶ፤
ቤቴን ነው የጠላው፤ ድግሴ ቀረ ባዶ።

ሰኔ በረዶ ጥሎ ኮኩን አራገፈው።
ነሐሴ ላይ የቀሐ ድምፅ ሳሙና በር ደረሰ፣
ታንከሩ ሞልቶ ፈሰሰ፤
በርጩማዬን አስገባሁ።

አንድ ቀን ግን፣ አደይ ሳይፈነዳ፣ ጭቃው ሳይጠነክር፣
አንዲት ድንቢጥ መጣች፤ ደረቷ አመድ፣ ዓይኗ ምስር።
ወይራውን አለፈችው፣ ኮኩንም ንቃ፤
ከሽንት ቤቱ ግድግዳ፣ ከዚያ ቤት ጠልቃ
ገባች። ወጣች። ገባች።
እንደ ጠንቃቃ ተከራይ ቆይታ ተመለከተች።
ምን አይታ ይሆን? እዚያ ጣውላ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣
አንድ ልጅ በምላጭ ጽፏል፦
«ሰባት ጊዜ ስምንት፣ ሃምሳ አራት»።
ሳላርመው ነበር የመታሁት።

ሄደች።
«ቀብድ ሳትከፍል!» አለች አትጠገብ።

በማግሥቱ ወንዱን አስከትላ መጣች፤
ከአጥሩ የተሰጣ ነጠላ ላይ ወረደች፣
ያረጀው፣ ጥለቱ የተፈታው፤
ቀዩን ክር ነክሳ ወደ ኋላ ስትጎትት
ላባርራት ተነሳሁ።
አትጠገብ ክንዴን ያዘች።
«ተዋት። ጎጆ እየወጣች እኮ ነው፤
ባዶ እጇን ትውጣ?»
አርባ ዓመት አብረን ስንኖር
ለጎጆ ወጪ ልጅ ክር መዝዘን አናውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ የቤቱ ሕግ ተለወጠ።
ድስት አይጋጭም፣ ሬዲዮ ዝቅ ይላል፤
ጎረቤታችን ሻለቃ ዋጋው
ቧንቧ ተሰብሮበት ሰንብቷል፤
ሽንት ቤት ሊገባ ፈቃድ ይጠይቃል፣
በሩን በአንድ ጣት ይገፋል።
ጭላት ከግንቡ ማማ ተነስቶ በላያችን ሲዞር
አትጠገብ በማማሰያ ሰማዩን ታስፈራራለች፤
የሠራችው ወጥ ያርራል፤
ማንም አይናገር።

በጥቅምት ቀዳዳው በቢጫ አፍ ተሞላ።
እቆጥራለሁ፦ ሦስት። አንዳንዴ አራት። መልሶ ሦስት።
እናም አንድ ማክሰኞ፣ ጡረታዬን ልቀበል
ባንክ በር ላይ ተሰልፌ ሳለሁ
በረሩ።
እሷ አይታለች።
ስንቴ ብጠይቃት በቃል አትነግረኝም፤
እጇን ዘርግታ «እንዲህ… ከዚያ ደግሞ እንዲህ»
ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ኅዳር ሲታጠን ሣጥኑን አወረድኩ፣ ላጸዳ።
ላባ። ገለባ። የዚያ ነጠላ ቀይ ጥለት፣
ዙሪያውን የተጠመጠመ፣ ሸማኔ እንደዚያ አያውቅበት።
ከመሃሉ፣ ከተሳሳተው ሒሳብ ሥር፣
አንድ እንቁላል። ያልተፈለፈለ።
በመዳፌ ይዤው ቆምኩ፤
ከአተር ፍሬ ብዙም አይከብድ።
ከጓዳ ድምፅ መጣ፦ «እህ?»

እንቁላሉን መለስኩ። ክሩን አለበስኩት።
«ወፍ የለም» አልኳት።
«ይመጣላ» አለች፣
ነጠላ ስታራግፍ ይሰማኛል።

ሣጥኑን መልሼ ሰቀልኩት።
ምስማሩ ትንሽ ጠመመ።
ተውኩት።